ፍሬን የኤሲ ኃላፊ ሆኖ ሲመረጥ

ፍሬን የተመረጠው ተኝቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክበቡ ጠቅላላ ስብሰባ የተጠራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ጣሪያው ላይ ተደላድላ ተቀምጣ አልነሳም ባለችበት ሰዓት ነበር። አዳራሹ ቆርቆሮው ዝቅ ያለ፣ አራት ትልልቅ መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ የሚያዩ፣ ጥጉ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ የሚውል የሻይ ማፍያ ያለው ነው። ኮርኒሱ ላይ የተሰቀለው ቬንቲሌተር ይዞራል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ ሙቁን አየር ከወዲህ አንስቶ ወዲያ ያደርሳል፣ ከወዲያ ያለውን ደግሞ ወዲህ ይመልሳል። ፍሬን የኋላ ረድፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ "አጀንዳ አንድ" ሲባል ሰማ። ከዚያ በኋላ የሰማው ነገር የለም።

አጀንዳ አንድ ሙቀቱ ነበር። ዳማ ተጫዋቾቹ ላባቸው ሰሌዳው ላይ እየተንጠባጠበ ጠጠሩ ከእጃቸው መንሸራተት ጀምሯል። የመዝሙር ቡድኑ ሁለት ሴቶች ራሳቸውን ስተው ነበርና ልምምድ ካቆመ ሦስት ሳምንቱ ነው። ባለፈው ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ የተገኘው ሰው አራት ነው፤ ከአራቱ አንዱ ቁልፍ ረስቶ ሊወስድ የመጣ ነበር። ስለዚህ ኤሲ ይገዛ ተባለ። ይገዛ ማለት ቀላል ነው፤ ማን ይምረጠው፣ ማንስ ይከታተለው ሲባል ግን ሁሉም ወለሉን ማየት ጀመረ።

ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። የሚያመነታ ሰው አይወዱም፤ በሥራ ዘመናቸው የሚያመነታ አጋጥሟቸው አያውቅማ፣ የሚወለድ ሁሉ ይወለዳል። ዓይናቸውን አዳራሹ ላይ ካንከራተቱ በኋላ፣ "ሞተር የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል። ጋሽ ፍሬን ቢወስዱልንስ?" አሉ።

በዚህች ቅጽበት የፍሬን አንገት ወደ ፊት ክንብል አለ።

"ይኸው ተስማሙ!" አሉ ሊቀመንበሯ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ፍሬንን የቀሰቀሰው ጭብጨባው ነው፤ የመዝሙር ቡድኑ ልምምድ የጨረሰ መስሎት እሱም አብሮ አጨበጨበ።

ፍሬን እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ፣ "ዶሮ መንገድ ዳር ቆማ ብታስብ እንኳ ፍሬን ይይዛል" ብለው ባልደረቦቹ የለጠፉበት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልገጨም፤ አንድም ቀን ግን በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ ሁለተኛ ዓመቱ ነው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ የደንበኛ እጅጌ ትገጥም ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ ውስጥ አራት ስፒል ይዛ አምስተኛ ነገር መናገር የምትችል ሴት።

"ምን ብለህ ነው የተመረጥከው?" አለችው ሲነግራት።

"እኔ ምንም አላልኩም።"

"ታዲያ ማን አለ?"

"አንገቴ ነው ያለው።"

ሚስቱ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ እስኪያንቃት ሳቀች። ሲወጣላትም፣ "በል ነገ አብሬህ እሄዳለሁ፤ አንተ ሞተር ስታይ ልብህ ይጠፋል" አለች።

እውነቷን ነው። በማግስቱ ሱቁ ገብተው፣ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ነጫጭ ሳጥኖች መሀል ትልቁን ሲያይ የፍሬን ልብ ወዲያው ሄደ። ሻጩ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ፈገግታው ደግሞ ከጫማው የሚበልጥ ጎልማሳ ነው።

"ለአዳራሽ ነው? እንግዲያው ሌላ አያስቡ ጋሼ! ይሄ ሲነሳ ዝሆን ያንቀጠቅጣል።"

"ዝሆን አባላችን አይደለም" አለች ሚስቱ። "ለመሆኑ የአዳራሹን ልክ ጠየቅከን?"

"እናቴ፣ ትልቅ ምን ጊዜም አይጎዳም።"

"እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትልቅ አይጎዳም ብዬ የሰፋሁ ቀን ሙሽራዋ ቀሚሷን ረግጣ ሕዝብ ፊት ትዘረጋለች።"

ፍሬን እጁን ወደ ትልቁ ሳጥን እንደዘረጋ ቆመ። ዝሆኑ ዓይኑ ውስጥ ቀርቷል፤ ሚስቱ ግን በልክ ጉዳይ ተሳስታ አታውቅም። "ቆይ፣ ቆይ" አለ። "ለክተን እንመለሳለን።"

ሻጩ እንደማይመለሱ ገብቶት ፈገግታውን አጠፋ።

ሊቀመንበሯ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። "ለኪ አለችኝ" አሉ። "እዚሁ እጄ ላይ የተወለደች ልጅ ናት፤ ሥራዋ ይኸው ነው፣ ማቀዝቀዣ መግጠምና መጠገን።" በሦስተኛው ቀን ቴክኒሻኗ የመሣሪያ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ የተለጠፈ፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ የሰካች ናት። ሊቀመንበሯ ዳማ ተጫዋቾቹን፣ ፍሬንን፣ ሚስቱን ሁሉ ሰብስበው፣ "ይህቺ ልጅ እኮ በእግሯ ነው የመጣችው! ጭንቅላት ስጠብቅ ተረከዝ!" ብለው አስተዋወቋት።

"እማማ፣ ለደንበኛ ሁሉ ይሄን መንገር አለብዎት?" አለች ቴክኒሻኗ ፊቷ እየቀላ።

ፍሬን ስለ ኤሲ የምታወራ መስሎት ነበር። እሷ ግን ስለ ኤሲ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ አዳራሹን ነው የመረመረችው። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ከፍታውን ለካች። ሚስቱ ከአንገቷ የማይጠፋውን ሜትር አውጥታ ሌላውን ጫፍ ያዘችላት፤ ሁለቱ ሴቶች ወዲያው ተግባቡ። መስኮቶቹን ቆጠረች፣ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ የፀሐዩን ትኩሳት አየች። መሰላል ላይ ወጥታ ኮርኒሱን በጣቷ አንኳኳች። "ሰው የሚበዛባችሁ ቀን ስንት ትሆናላችሁ?" አለች። በመጨረሻ የሻይ ማፍያው ፊት ቆመች።

"ይሄ ስንት ሰዓት ይፈላል?"

"ከበር መክፈቻ እስከ በር መዝጊያ" አለ ፖስተኛው በኩራት። ፖስተኛው ራሰ በራ፣ ጡረተኛና የክበቡ የዳማ ሻምፒዮን ነው።

"እንግዲያው በአንድ እጃችሁ እያቀዘቀዛችሁ በሌላው ልታሞቁ ነው። መጀመሪያ ይሄ ወደ በረንዳው ይውጣ። ምዕራብ ያሉት መስኮቶች ወፍራም መጋረጃ ይፈልጋሉ። ከቆርቆሮው በታች ደግሞ ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ይግባ። ከዚያ መካከለኛ የሆኑ ሁለት ኤሲዎች፣ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ።"

ፍሬን ዝሆኑን አልረሳውም። "ልጄ፣ አንድ ትልቅ ቢሆን ምን ይለዋል?"

ቴክኒሻኗ ትንሽ አሰበች። "ጋሼ፣ አውቶቡስ ይነዱ ነበር አሉ። በየሃያ ሜትሩ መብራት ባለበት መንገድ፣ መነሳት መቆም፣ መነሳት መቆም ሲሆን ሞተሩ ምን ይሆናል?"

"ያልቃል።"

"ትልቁ እዚህ ቤት እንደዚያ ነው የሚሠራው። ክፍሉን ቶሎ ያቀዘቅዝና እርጥበቱን ሳይመጥ ይጠፋል፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ግን እርጥብ ፎጣ የለበሱ ያህል ይጨፈግጋል። ወዲያው ደግሞ ይነሳል። ትንሽ የሆነ እንደሆነ ሳያርፍ ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ይውላል። ልኩን ያገኘ ግን ሜዳ ላይ በአንድ ማርሽ ለስለስ ብሎ እንደሚሄድ ነው።"

ይህን ፍሬን በእግሩ ጣት ጭምር ተረዳው። ዝሆኑ ከዓይኑ ወጣ።

ይሄኔ ነው መምህር የተነሡት። መምህር ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል፣ የክበቡን የመጽሐፍ መደርደሪያ ይጠብቃሉ፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ከአንገታቸው የሱፍ ሻርፕ አይለይም። "እኔ እቃወማለሁ!" አሉ። "ነፋስ ከውጪ ሲመጣ ጤና ነው፤ ከሳጥን ሲመጣ በሽታ ነው። አንገቴን አሳልፌ አልሰጥም። ይመዝገብልኝ!"

ተመዘገበላቸው። ቅዳሜ አባላቱ ሁሉ ተጠርተው ድምፅ ሲሰጥ ሃምሳ ሁለት ለአንድ ሆነ። መምህር ሻርፓቸውን አጥብቀው፣ እንደ ድል አድራጊ ቀና ብለው ወጡ።

በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሁሉም ነገር ተሠራ። የፍሬን ሚስት መጋረጃዎቹን ሰፋች፤ የሻይ ማፍያው በረንዳ ላይ ቦታ ተሰጠው። ቴክኒሻኗ ሁለቱን ኤሲዎች ስትሰቅል ፍሬን መሰላሉን ይዞ ውሃ ልኩን አቀበለ። የከፈቱት ቀን የመዝሙር ቡድኑ ሴቶች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቀዝቃዛውን አየር እንደ ፏፏቴ ተቀበሉት። ፖስተኛው ጨዋታውን አቋርጦ ሸሚዙን ነፋ ነፋ አደረገና "ተወለድኩ!" አለ። "እኔ ሳላዋልድህ?" አሉ ሊቀመንበሯ። በዚያው ሳምንት የጠፉት ሁሉ ተመለሱ፤ ያልጠፉትም ዘመድ ይዘው መጡ።

ጠብ አልነበረም አይባልም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሪሞት የያዘ የክበብ አባል ግን ከሁለቱም ይብሳል። አንዱ ያወርደዋል፣ አንዱ ይሰቅለዋል፣ አንዷ ደግሞ በሻርፕ ተጠቅልላ "ማነው ያወረደው?" ትላለች። በመጨረሻ ቴክኒሻኗ ሃያ አምስት ላይ አድርጋው፣ ነፋሱ ሰው ላይ እንዳይወርድ ክንፎቹን ወደ ላይ አቀናችና፣ "እዚህ ላይ ይተዉት። ሰው ሲገባ ደስ ይበለው እንጂ አይንቀጥቀጥ" አለች። ሪሞቶቹ ከመጽሐፍ መደርደሪያው አጠገብ ባለች መሳቢያ ተቀመጡ።

ከመሄዷ በፊት ፍሬንን ለብቻው ጠራችው። የኤሲውን የፊት ክዳን ከፍታ ሁለት መረቦች ስባ አወጣች።

"ይሄ ፊልትሮ ነው ጋሼ። አቧራውን የሚይዘው እሱ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው በውሃ ያጥቡት፣ ጥላ ውስጥ ያድርቁት፣ ይመልሱት። የቀረውን በየስድስት ወሩ እኔ እየመጣሁ አጥባለሁ።"

"ይህቺ ምን አላት!" አለ ፍሬን።

ሁለት ሳምንት መጣ፣ ሄደ። ሌላ ሁለት ሳምንት መጣ፣ እሱም ሄደ። ኤሲው ግድግዳው ላይ ነጭና ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ያልቆሸሸ ነገር ምን ይታጠባል? ፍሬን በየቀኑ እየመጣ ከሥሩ ይቀመጣል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ስለ ኤሲ የሚያውቀውን ለአዳዲስ አባላት ያስረዳል። እንዲያውም "ልክ" የሚለውን ቃል ከሚስቱ በላይ መደጋገም ጀምሮ ነበር።

በሦስተኛው ወር ማለቂያ የዳማው ፍጻሜ ጨዋታ ደረሰ። ፖስተኛውና ፀጉር አስተካካዩ ተፋጠዋል፤ አባላቱ ከበዋቸው ትንፋሽ ውጠዋል። ፖስተኛው ጠጠሩን አንስቶ ሊያነግሥ እጁ አየር ላይ እንዳለ፣ ራሰ በራው ላይ ጠብ አለ። ቀና አለ። ደግሞ ጠብ።

"ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?"

"ዝናብ በሌለበት?"

ሦስተኛው ጠብታ አልነበረም፤ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው በረዶ ነው። ሰሌዳው መሀል ወድቆ ጠጠሮቹን በታተናቸው። ፀጉር አስተካካዩ መሸነፉ ነበርና "የፈጣሪ ፍርድ!" ብሎ ተነሣ። ፖስተኛው ግን ራሱን በመሐረብ እየጠረገ ጮኸ፦ "ያቺ ልጅ ናት! አጣማ ነው የገጠመችው!"

"በእግሯ የመጣች ልጅ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለ ሌላው።

አዳራሹ ተንጫጫ። ዕቃው አሮጌ ነው ያለ አለ፤ አታላናለች ያለ አለ። ፍሬን ክዳኑን ቀና ብሎ አየው። ያላጠበው ፊልትሮ ትዝ አለው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ፍሬን ያዘ። ዝም አለ። ልጅቷ ስትታማ ዝም አለ።

በማግስቱ ከሰዓት ቴክኒሻኗ መጣች። አባላቱ ከዳር እስከ ዳር ቆመው ነበር የጠበቋት። መሰላሉ ላይ ወጥታ ክዳኑን ከፈተች፣ መረቡን ሳበች። መረብ መሆኑ ቀርቶ ብርድ ልብስ ሆኗል፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ጠጉራም።

"አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ ጠፍቷል" አለች። "አየር ሲያጥረው ከውስጥ ያለው ቱቦ በረዶ ይሠራል፤ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ሞልቶ ይፈሳል። የፍሳሽ ቱቦውንም ይኸው አቧራ ዘግቶታል።"

"መጀመሪያውኑ ደህና ዕቃ ቢሆን ኖሮ…" ብሎ አጉረመረመ አንዱ ከኋላ።

ቴክኒሻኗ ከመሰላሉ ወርዳ መረቡን ለፍሬን አቀበለችውና ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ጋሼ፣ አውቶቡስዎን ዘይት ሳያዩ ስንት ቀን ነድተውታል?" አለችው።

"አንድም ቀን።"

"ውሃውንስ ሳያዩ?"

"አንድም ቀን።"

ፍሬን መረቡን እንደያዘ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ተሳፋሪ ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን ያይ ነበር፤ ራዲያተሩን ይሞላ ነበር፤ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ድምፃቸውን ይሰማ ነበር። ማንም አዞት አልነበረም። አውቶቡሱን ካስረከበ ወዲህ ግን ጠዋት ተነሥቶ የሚያየው ነገር አልነበረውም፤ ይኸው ዓይኑ ማየት ረሳ። ጆሮው ድረስ ትኩስ እፍረት ወጣበት።

"ቆዩ" አለ ጮክ ብሎ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ጋሽ ፍሬን፣ እሱማ…" አሉ ሊቀመንበሯ።

"አይ፣ ቆዩ ልጨርሰው። በየሁለት ሳምንቱ እጠበው ብላ በእጇ አሳይታኛለች። ይህቺ ምን አላት ብዬ ረሳሁት። ትናንትም እሷ ስትሰደብ ዝም ብያለሁ፤ ይሄኛው ከፊልትሮው ይብሳል። የተናገራችኋት ሁሉ ይቅርታ ጠይቋት፤ እኔም እጠይቃታለሁ።"

መጀመሪያ የተነሣው ፖስተኛው ነው። "ልጄ፣ ራሴ ስለበረደው አፌ ስቷል" አለ። ቴክኒሻኗ ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ ሁሉም ሳቀ፤ ፀጉር አስተካካዩ ብቻ የፍጻሜው ጨዋታ እንደገና ይደረጋል ወይ ብሎ ተጨነቀ።

"አንድ ነገር ግን ይቀራል" አለች ቴክኒሻኗ ከመሳቢያው ሪሞቱን አንሥታ። "ይሄ አሥራ ስድስት ላይ ነው። ማን ነው እዚህ ድረስ የሚያወርደው?"

ሁሉም እኔ አይደለሁም አለ። መምህር ከመደርደሪያቸው አጠገብ፣ "ከጅምሩ ተናግሬአለሁ! ይመዝገብልኝ ብያለሁ!" ብለው ሻርፓቸውን ወደ ኋላ ወርውረው ወጡ።

ፍሬን በዚያው ሳምንት ባልዲ፣ ለስላሳ ብሩሽና አንድ ደብተር ገዛ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይመጣ ገና ያልታጠቡትን የሌላውን ኤሲ ፊልትሮዎች ሊያጥብ ወደ ክበቡ ሄደ። አዳራሹ የሚከፈተው ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ቁልፉ ያላቸው ሊቀመንበሯ፣ እሱና፣ ስለ መጻሕፍቱ ሲባል፣ መምህር ናቸው።

ግቢው ሲደርስ ከኋላ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የውጪው ሳጥን ያጉረመርማል። ፍሬን ቆመ። በሩን ቀስ ብሎ ገፋው፤ ብርድ ፊቱን መታው። መጋረጃዎቹ ተዘግተዋል፣ አንድ መስኮት ብቻ ገርበብ ብሏል። ከግራው ኤሲ ሥር ሦስት ወንበሮች ተደርድረዋል። ከወንበሮቹ ሥር አንድ ጥንድ ጫማ እንደ ሁለት ጨዋ ተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከወንበሮቹ ላይ መምህር፣ ሻርፓቸውን ዓይናቸው ላይ ጥለው፣ ጋዜጣ ደረታቸው ላይ ዘርግተው፣ ያንኮራፋሉ።

"መምህር!"

መምህር ሻርፑን ሳያነሡ፣ "ክበቡ የሚከፈተው ስምንት ሰዓት ነው" አሉ።

"እርስዎስ?"

"እኔ መደርደሪያውን ላስተካክል ነው የመጣሁት።"

"ተኝተው?"

"የላይኛውን ረድፍ ከታች ሆኜ እያየሁት ነበር።"

ፍሬን ባልዲውን አስቀምጦ ሳቁን ዋጠ። መምህር ቀስ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ። ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ ያለ ጫማ፣ ያለ ሻርፕ፣ ያለ ተቃውሞ ሲታዩ ትንሽ ሰው ናቸው።

"ቤቴን ታውቀዋለህ" አሉ። "ሦስተኛ ፎቅ፣ ከቆርቆሮው ሥር። ልጄ ቬንቲሌተር ገዝታልኛለች፤ እሳት ያራግባል። ሙቀቱ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።"

"ታዲያ ለምን ተቃወሙን?"

"ያኔ አላውቅማ! ከልቤ ነው የተቃወምኩት። በኋላ አንድ ቀን ጠዋት መጽሐፍ ልመልስ መጣሁና ከፈትኩት፤ ለመመርመር ያህል። ትንሽ ልቀመጥ ብዬ…" ወንበሮቹን አዩአቸው። "ስነቃ ስድስት ሰዓት ሆኗል። አርባ ዓመት ሙሉ ልጆችን 'ስህተትህን እመን' ስል ኖሬ፣ ሃምሳ ሁለት ሰው ፊት ቆሜ ምን ልበል?"

"እኔ ባለፈው ሳምንት ቆሜ ብያለሁ። አይገድልም።"

ፍሬን መስኮቱን አየ። "እሺ፣ ይሄስ ለምን ተከፈተ?"

"ንጹሕ አየር ያስፈልጋላ!"

"መምህር! አሥራ ስድስት ላይ አድርገው መስኮት ከፍተው? ቀዳዳ ባልዲ እየሞሉ እኮ ነው! የፖስተኛው ራስ ላይ በረዶ ያዘነቡት እርስዎ ነዎት!"

መምህር አሰቡበት፤ የሒሳብ ሰው ናቸውና አከፋፈሉት። "ግማሹን" አሉ። "ግማሹ ያንተ ፊልትሮ ነው።"

ልክ ናቸው። ፍሬን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ መምህርም ጥርስ በሌለው ወገናቸው ሳቁ።

ስምምነቱ እዚያው ተደረገ። ፍሬን ለማንም አይናገርም፤ በምትኩ መስኮቱ ይዘጋል፣ ሪሞቱ ሃያ አምስት ላይ ይሆናል፣ ፊልትሮውም ለሁለት ይታጠባል። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብለው ጀመሩ። ፍሬን አቧራማውን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ውሃ ሲለቅበት መምህር እጁን ያዙት።

"አገላብጠው! አቧራው የገባው ከዚህ ፊት ነው። ውሃው ከጀርባው ይምጣና በመጣበት ይመልሰው፤ አለዚያ ወደ ውስጥ ትነዳዋለህ።"

ፍሬን አገላበጠው። አቧራው እንደ ቆዳ ተገፎ ወረደ። "ይህን ልጅቷ አልነገረችኝም" አለ።

"ነግራህ ይሆናል። አንተ ይህቺ ምን አላት ስትል ነበር።"

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱ ሽማግሌዎች ቧንቧው ሥር ይገናኛሉ። ደብተሩ ላይ ቀኑን ፍሬን ይጽፋል፣ መምህር ያርሙታል። ሲያልቅ መምህር ወንበራቸውን ይደረድራሉ፤ ፍሬን ጋዜጣ ያነባል። ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። እሷ በበኩሏ እጅጌው ሁልጊዜ ማክሰኞ እንደሚረጥብ አስተውላ አልጠየቀችም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ደስ ብሎት እንደሚመለስም አስተውላለች።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ፣ ሊቀመንበሯ አጀንዳውን አስጨርሰው ሊዘጉ ሲሉ መምህር ተነሡ። አባላቱ ተያዩ፤ አንዷ "አሁን ደግሞ ምኑን ሊቃወሙ ይሆን?" ብላ አንሾካሾከች። ፍሬን ቀና ብሎ አያቸው። ይህን ከእሱም ጋር አልተመካከሩም ነበር።

"አሥራ ስድስት ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ጠዋት ጠዋት በስውር እየመጣሁ፣ ከኤሲው ሥር እየተኛሁ። ተሳስቼ ነበር። ነፋሱ ከሳጥንም ቢመጣ ይተኛበታል። ይመዝገብልኝ።"

ከዚያ ፖስተኛው ራሱን ዳበሰ። "ያ ሁሉ በረዶ ራሴ ላይ የወረደው በእርስዎ ነው?"

"በግማሽ" አሉ መምህር።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። መምህር ግን አልተቀመጡም። "ገና አልጨረስኩም። ጥያቄ አለኝ። ቤቱ በሙቀት ምክንያት እንቅልፍ የከለከለው ሌላ ሰው ካለ እጁን ያንሣ።"

መጀመሪያ ማንም አላነሣም። ቀጥሎ ከመዝሙር ቡድኑ ወፍራሟ ሴትዮ ቀስ ብላ አነሣች። ፀጉር አስተካካዩ አነሣ። አንድ፣ ሁለት እየተባለ አሥራ አንድ እጅ ቆመ። ሊቀመንበሯ ሊቆጥሩ ተነሥተው፣ "አሥራ አንድ" አሉና ትንሽ ቆይተው የገዛ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። "አሥራ ሁለት" አሉ ቀስ ብለው። ሕይወታቸውን ሙሉ ሌሎችን "አይዞሽ፣ ግፊ" ሲሉ የኖሩ ሴት፣ ሲደክማቸው ማንም ያየ አልነበረም።

አዳራሹ ጠዋትም እንዲከፈት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የፍሬን ሚስት ቀጫጭን ፍራሾች ሰፋች። ማንኮራፋት ከግራው ኤሲ ሥር ብቻ እንደሚፈቀድ የሚገልጽ ወረቀት ተለጠፈ፤ የመዝሙር ቡድኑ ወፍራሟ ሴትዮ ግን ከቀኝም ብትተኛ ለግራ የሚበቃ ድምፅ ስላላት ሕጉ ብዙ አልቆየም። ጠዋት የሚመጡት በሙሉ ተራ ገብተው ፊልትሮ ያጥባሉ፤ አስተማሪው መምህር ናቸው፣ ተቆጣጣሪው ፍሬን።

በስድስተኛው ወር ቴክኒሻኗ ለዋናው እጥበት መጣች። መሣሪያዋን ሳትፈታ መምህር ይዘዋት መረቡ ከየት ወገን እንደሚታጠብ፣ ለምን በጥላ እንጂ በፀሐይ እንደማይደርቅ አስረዷት። ቴክኒሻኗ እጇን አጣጥፋ እንደ ደህና ተማሪ አዳመጠች። ከዚያ የውስጡን ቱቦ አየች፣ የፍሳሹን ነፋች፣ የጋዙን መጠን ለካች። ፍሬን የውሃውን ጎማ ይዞላት የውጪውን ሳጥን አጠቡ።

"ጋሼ፣ እኔ የምሠራው ብዙም አልተረፈልኝም" አለችው እጇን እየጠረገች።

ፍሬን ጎማውን ሲጠቀልል ሲያፏጭ ተሰማ።

በዚያ ሳምንት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ካለ ሌላ ክበብ ሰዎች መጥተው፣ እናንተ ጋ ያለው ምን ዓይነት ነው፣ የትኛው ይሻላል፣ እባክህ ምረጥልን ብለው ለመኑት። ማታ እራት ላይ ለሚስቱ ነገራት።

"ታዲያ ምን አልካቸው?"

"ማን ነው የሚያጥበው? አልኳቸው።"

"እነሱስ?"

"እርስ በርስ ተያዩ" አለ ፍሬን እንጀራ በጁ እንደያዘ ሳይሆን መሪ እንደያዘ ሰው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ። "ተነጋገሩና ስትስማሙ ተመለሱ ብያቸዋለሁ። እኔ አልቸኩልም።"